አሥራ ሁለት ልጆች፣ አሥራ ሁለት ዓመታት፦ የአንድ የተሻረ ጽሑፍ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2017 በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስ ከተማና በአካባቢዋ፣ ትንንሽ ልጆች በኩፍኝ ተይዘው ወደ ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በኦገስት መጨረሻ ወረርሽኙ ማብቃቱ እስኪነገር ድረስ የታማሚዎቹ ቁጥር 75 ደረሰ። የሞተ ባይኖርም ብዙዎቹ አልጋ ይዘው ታክመዋል። አሜሪካ ኩፍኝን ከምድሯ አጥፍቻለሁ ብላ ካወጀች 17 ዓመት ሆኗት ነበር። ከታመሙት ውስጥ አብዛኞቹ ወላጆቻቸው ከሶማሊያ የተሰደዱ፣ እነርሱ ግን እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ሕፃናት ሲሆኑ ከጥቂቶቹ በቀር ክትባቱን አልወሰዱም ነበር።

ነገሩ እንቆቅልሽ የሚሆነው የኋላውን መዝገብ ላየ ሰው ነው። በ2004 በሚኒሶታ ሁለት ዓመት ከሞላቸው የሶማሌ ልጆች መካከል 92 በመቶው ክትባቱን ወስደው ነበር። በ2014 ግን ይህ አኃዝ ወደ 42 በመቶ ወርዷል። ክሊኒክ አልራቀባቸውም፤ መድኃኒቱም አልጠፋም። እናቶቹም ኩፍኝን የማያውቁ አልነበሩም። ከሞቃዲሾ ወይም ከዳዳብ የስደተኞች ጣቢያ የመጣች ሴት፣ ኩፍኝ ወደ አንድ መንደር ሲገባ ሕፃናቱን ምን እንደሚያደርጋቸው ከብዙ አሜሪካዊ ሐኪም ይልቅ በዓይኗ አይታለች። ያንን ሁሉ የምታውቅ እናት ልጇን ከመርፌው ያሸሸችው ከኩፍኝ የባሰ የምትፈራው ነገር ስለ ነገሯት ነው። የፍርሃቱም ምንጭ ሚኒሶታ ሳይሆን ለንደን ነበር፤ በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የአምስት ገጽ ጽሑፍ።

•

መጽሔቱ «ዘ ላንሴት» ይባላል። በ1823 የተቋቋመ፣ በሕክምናው ዓለም ቃሉ እንደ ዳኛ ቃል የሚሰማ አንጋፋ መጽሔት ነው። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1998 የወጣው እትሙ የአሥራ ሦስት ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ስም የሰፈረበትን ጽሑፍ ይዞ ነበር፤ ከሁሉም በፊት የተጠቀሰው ስም የዶክተር አንድሩ ዌክፊልድ ነው። ጽሑፉ በሰሜን ለንደን በሚገኘው በሮያል ፍሪ ሆስፒታል ስለ ተመረመሩ 12 ልጆች ይተርካል። ልጆቹ አንጀታቸውን ያማቸዋል፤ አብዛኞቹም የኦቲዝም ምልክት ታይቶባቸዋል። በስምንቱ ልጆች ላይ የታየውን ለውጥ ወላጆቻቸው ወይም ሐኪማቸው ከኩፍኝ፣ ከጆሮ ደግፍና ከሩቤላ ጥምር ክትባት ጋር እንዳያያዙት ተጽፏል።

አሥራ ሁለት ልጆች ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ምንም ማለት አይደሉም። ክትባቱ የሚሰጠው ልጁ የመጀመሪያ ዓመቱን እንዳለፈ ነው፤ የኦቲዝም ምልክትም ወላጅ ዓይን ውስጥ የሚገባው ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሰሞን ስለ መጡ አንዱ ሌላውን ወለደው አይባልም። ይህን ጸሐፊዎቹም አልሳቱትም፤ ክትባቱና ሕመሙ መያያዛቸውን እንዳላረጋገጡ በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ አስፍረዋል። ይሁንና ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ሆስፒታሉ በጠራው ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ዶክተር ዌክፊልድ ሦስቱ ክትባቶች በአንድ ላይ መሰጠታቸው ቀርቶ ለየብቻ ቢሰጡ እንደሚሻል ተናገሩ። ጋዜጦቹ ይዘው የሮጡት ይህን ነበር። በአምስቱ ገጽ ውስጥ የተሸሸገችውን የጥንቃቄ ዓረፍተ ነገር ስንት ሰው አነበባት?

በብሪታንያ ሁለት ዓመት ከሞላቸው ልጆች መካከል ክትባቱን የወሰዱት ከ90 በመቶ በላይ የነበሩት በ2003 ገደማ ወደ 80 በመቶ አሽቆለቆሉ፤ በአንዳንድ የለንደን ሰፈሮች ደግሞ ከዚያም በታች። በሌላ በኩል ሳይንሱ መልሱን አላዘገየም። በ2002 ከዴንማርክ የወጣው ጥናት 537,303 ልጆችን መዝግቦ፣ በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል በኦቲዝም ረገድ ልዩነት እንደሌለ አሳየ። በአሥራ ሁለት ልጆች የተነሣ ጥርጣሬ በግማሽ ሚሊዮን ልጆች ተመለሰ ማለት ነው። ሆኖም ፍርሃት እንዲህ ያለ ሂሳብ አይሠራም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንደሚባለው፣ ነገሩ ከመጽሔቱ ገጽ ወጥቶ መንገድ ጀምሯል።

•

እዚህ ላይ የተለቀቀን ጽሑፍ መልሶ የመሰብሰቡን ልማድ ማንሳት ይገባል። የምሁራን መጽሔቶች ስሕተትን የማመን ጥንታዊ ወግ አላቸው። በ1756 ቤንጃሚን ዊልሰን የተባለ የለንደን ሮያል ሶሳይቲ አባል ስለ ኤሌክትሪክ ያሳተመው ሐሳብ ስሕተት መሆኑን፣ የቤንጃሚን ፍራንክሊን አስተያየት ትክክል ሆኖ መገኘቱን በዚያው በማኅበሩ መጽሔት ላይ አስታወቀ። ማንም አልከሰሰውም፣ ምርመራም አልተደረገበትም፤ ሰውየው ራሱ ተሳስቻለሁ አለ፣ ነገሩም በዚያው አበቃ። ያ ዘመን የጨዋዎች ዘመን ነበር ለማለት ሳይሆን ሳይንስ ገና የጥቂት ሰዎች ጨዋታ ስለ ነበረ ነው። በኋላ ሳይንስ እንጀራም፣ ሹመትም፣ የዩኒቨርሲቲ ገቢም ሲሆን «ተሳስቻለሁ» የሚለው ቃል ዋጋው ናረ።

ድርጊቱ በአማርኛ አንድ የተለመደ ስም የለውም። አንዳንዱ «ስረዛ» ይለዋል፤ ግን ጽሑፉ አይሰረዝም። ቁም ጸሐፊ ብራና ላይ ሲሳሳት በቢላዋ ፍቆ ያጠፋዋል፣ የተፋቀው ቦታ ላይም ትክክለኛውን ቃል ይጽፋል፤ በደንብ ከተፋቀ ማንም አያውቅም። መጽሔቶች የሚያደርጉት የዚህን ተቃራኒ ነው። የተሳሳተው ጽሑፍ እንዳለ ይቀመጣል፤ ላዩ ላይ ግን እንዳይታመን ምልክት ይደረግበታል፣ የተነሣበትም ምክንያት አብሮ ይታተማል። ስለዚህ ከሕግ ቋንቋ የተወሰደው «መሻር» የሚለው ቃል ይሻላል፤ የተሻረ ዐዋጅ በመዝገቡ ውስጥ ይነበባል፣ ሥልጣን ግን የለውም።

የመሻሩን ሥልጣን የያዘው አዘጋጁ ነው። አቤቱታ ሲመጣለት በመጀመሪያ ጸሐፊዎቹን ይጠይቃል። መልሳቸው ካላጠገበው ወደ አሠሪያቸው፣ ማለትም ወደ ዩኒቨርሲቲው ወይም ወደ ሆስፒታሉ፣ ይጽፋል። ከዚያ በላይ የሚያደርገው ነገር ጥቂት ነው። የታማሚን ካርድ አስወጥቶ ማየት፣ ምስክር መጥራት፣ የገንዘብ ደረሰኝ ማገላበጥ አይችልም። ይህን የመሰለ ችግር ያስጨነቃቸው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች በ1997 ተሰባስበው የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ አንዱ የ«ዘ ላንሴት» ዋና አዘጋጅ ዶክተር ሪቻርድ ሆርተን ነበሩ። ያ የአምስት ገጽ ጽሑፍ በመጽሔታቸው ላይ የወጣው ኮሚቴው በተቋቋመ በዓመቱ ነው።

•

በፌብሩዋሪ 2004 ብራያን ዲር የተባለ የ«ሰንደይ ታይምስ» ጋዜጠኛ ያጠራቀመውን መረጃ ይዞ ወደ «ዘ ላንሴት» ቢሮ ሄደ። የያዘው ነገር ከባድ ነበር። ዶክተር ዌክፊልድ ጽሑፉ ከመታተሙ ከሁለት ዓመት በፊት የክትባት አምራቾችን ለመክሰስ በሚዘጋጅ ጠበቃ ተቀጥረው ነበር፤ ለጥናቱም ከመንግሥት የሕግ ድጋፍ ገንዘብ 55,000 ፓውንድ ተመድቧል። ከተጠኑት ልጆች የአንዳንዶቹ ወላጆችም የዚያው ጠበቃ ደንበኞች ነበሩ። በኋላ በወጣው ሂሳብ ዶክተሩ በግላቸው የተከፈላቸው 435,643 ፓውንድ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ሁሉ በጽሑፉ ላይ አንድም ቦታ አልተጠቀሰም። ከዚህም ሌላ ጽሑፉ ከመውጣቱ ከስምንት ወራት በፊት፣ በጁን 1997፣ ዶክተሩ ለአንድ የኩፍኝ ክትባት የፈጠራ መብት ማመልከቻ አስገብተው ነበር። ለየብቻ ይሰጡ ያለው ሰው ለብቻው የሚሰጠውን አዘጋጅቶ ይጠብቅ ኖሯል።

አዘጋጆቹ እንደ ወጉ ክሱን ለተከሳሾቹ ሐኪሞችና ለሆስፒታሉ አቀረቡ። መልሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ መጣ። መጽሔቱም የገንዘቡ ነገር አለመገለጹ ስሕተት መሆኑን ተቀበለ፤ ሆርተንም ይህን ቀድመው ቢያውቁ ኖሮ ስለ ክትባቱ የሚናገረውን ክፍል እንደማያትሙት ተናገሩ። ልጆቹ ተመርጠው የቀረቡ ናቸው፣ ምርመራውም ተገቢው የሥነ ምግባር ፈቃድ አልነበረውም የሚሉትን ክሶች ግን መጽሔቱ ሳይቀበላቸው ቀረ። ማስተባበያውን የሰጡት የተከሰሱት ሰዎችና የተከሰሱበት ቤት ናቸው። አዘጋጁ ሕግ አልጣሱም፤ ሕጉ ራሱ የሚለው ይህንኑ ነበር። ጉድለቱም እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ሆስፒታል የራሱን ዝና የሚያጎድፍ ነገር እንዲመረምር በጥቂት ቀናት ቀጠሮ ሲጠየቅ፣ የሚሰጠው መልስ ቀድሞ የታወቀ ነው።

ማርች 6 ቀን 2004 ከአሥራ ሦስቱ ጸሐፊዎች አሥሩ በ«ዘ ላንሴት» ላይ አጭር መግለጫ አወጡ። የሻሩት ጽሑፉን ሳይሆን ትርጓሜውን ነው፤ ክትባቱን ከሕመሙ ጋር የሚያያይዘውን ክፍል። ዶክተር ዌክፊልድ አልፈረሙም። እንዲህ ያለ ግማሽ ሽረት ለምሁራን ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ለወላጅ ግን ምንም አይነግረውም። ጽሑፉ ለቀጣዮቹ ስድስት ዓመታት በዓለም ታላቁ የሕክምና መጽሔት መዝገብ ውስጥ እንደ ቆመ ቀረ። በ2006 በብሪታንያ አንድ የ13 ዓመት ልጅ በኩፍኝ ሞተ፤ ከ1992 ወዲህ በዚያች አገር በዚህ በሽታ የመጀመሪያው ሞት ነበር። በ2008 ደግሞ ኩፍኝ በእንግሊዝና በዌልስ እንደገና ነዋሪ በሽታ መሆኑ ታወቀ።

•

አዘጋጁ ያልነበራቸውን ሥልጣን የያዘው የብሪታንያ ጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤት ነበር፤ የሐኪሞችን ፈቃድ የሚሰጠውና የሚነጥቀው አካል ማለት ነው። ችሎቱ በጁላይ 2007 ተከፈተ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ዶክተር ዌክፊልድ በብራያን ዲርና ፊልሙን ባሳየው የቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ የመሠረቱትን የስም ማጥፋት ክስ አቋርጠው ነበር። ምክር ቤቱ ለ217 ቀናት ተሰየመ። አዘጋጁ ማየት ያልቻሉት ካርድ፣ ደብዳቤና የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ።

ጃንዋሪ 28 ቀን 2010 የተነበበው ውሳኔ ሐቀኝነት መጉደሉን አረጋገጠ። ጽሑፉ ልጆቹ እንደማንኛውም ታማሚ በተራ ወደ ሆስፒታሉ ተልከው የመጡ አስመስሏቸዋል፤ እውነቱ ግን እንዲህ አልነበረም። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቅዷል መባሉም ሐሰት ሆነ። ሕመም የሌለበት አንባቢ ይህን የወረቀት ጉድለት አድርጎ ሊያየው ይችላል። ነገር ግን ፈቃድ የተባለው ወረቀት የቆመው ከአንድ ትንሽ ልጅ አከርካሪ ላይ በመርፌ ፈሳሽ ከመወሰዱ፣ በማደንዘዣ ተኝቶ ቱቦ ወደ አንጀቱ ከመግባቱ በፊት አንድ ገለልተኛ ሰው «ይህ ለልጁ ያስፈልገዋልን?» ብሎ እንዲጠይቅ ነው። ዶክተሩ በልጃቸው የልደት ግብዣ ላይ ከተገኙ ልጆች ለእያንዳንዳቸው አምስት ፓውንድ ሰጥተው ደም መውሰዳቸውም በችሎቱ ተረጋግጧል። ምክር ቤቱ ለልጆቹ ስቃይ ደንታ ቢስ ሆነዋል ሲል የተጠቀመበትን ሐረግ ዌክፊልድ በዚያው ዓመት ላሳተሙት መጽሐፍ ርእስ አድርገውታል። ሰው የወቀሳ ቃሉን እንደ ኒሻን ደረቱ ላይ ሲሰካው ማየት የተለመደ አይደለም።

«ዘ ላንሴት» ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ የሻረው ውሳኔው በተነበበ በአምስተኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2010 ነው። ከታተመ 12 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። መግለጫው ጥቂት መስመሮች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ቀደም ባለው ምርመራ የተባለው ትክክል አለመሆኑን፣ ስለ ልጆቹ አመጣጥና ስለ ፈቃዱ የተጻፈው ሐሰት መሆኑን ይናገራል። ዌክፊልድ በሜይ 24 ከሐኪሞች መዝገብ ተሰረዙ። አብረዋቸው የተሰረዙት ፕሮፌሰር ጆን ዎከር ስሚዝ ግን ይግባኝ ጠይቀው በ2012 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የምክር ቤቱን ውሳኔ ሽሮላቸዋል፤ ምክር ቤቱም ሊሳሳት እንደሚችል ለማሳየት ይህ መዘለል የለበትም። በ2011 መጀመሪያ «ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል» የዲርን ዝርዝር ጽሑፎች አትሞ የአሥራ ሁለቱን ልጆች ታሪክ አንድ በአንድ ከሕክምና መዝገባቸው ጋር ሲያስተያይ፣ ሳይዛባ የቀረበ የአንድም ልጅ ታሪክ አልተገኘም፤ የመጽሔቱ አዘጋጅም ነገሩን ስሕተት ሳይሆን ማጭበርበር አሉት።

•

ያን ጊዜ ነገሩ ወደ ሚኒያፖሊስ ተሻግሯል።

በ2008 በከተማዋ የሚኖሩ የሶማሌ ወላጆች አንድ ነገር አስተውለው ነበር። ኦቲዝም ላለባቸው ሕፃናት በተዘጋጁት የትምህርት ክፍሎች ውስጥ የልጆቻቸው ቁጥር በዛባቸው። ብዙዎቹ በሶማሊያ ሳሉ ስለዚህ ሕመም ሰምተው አያውቁም፤ በቋንቋቸውም የተለመደ ስም አልነበረውም። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። የግዛቲቱ ጤና መሥሪያ ቤት በ2009 ባወጣው ዘገባ በእነዚህ ክፍሎች የሶማሌ ልጆች ድርሻ ከፍ ማለቱን አምኗል፤ ግን ይህ የተመዘገቡትን ልጆች ቁጥር እንጂ የሕመሙን ስርጭት እንደማያሳይ አስጠነቀቀ። ለባለሥልጣን ይህ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ማታ ማታ የማይናገር የአራት ዓመት ልጅ አቅፋ ለምታድር እናት ግን መልስ አይደለም። የተሻለው መልስ የመጣው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ2013 ባወጣው ጥናት በሚኒያፖሊስ ከ32 የሶማሌ ልጆች አንዱ፣ ከ36 ነጮች ልጆች አንዱ ኦቲዝም እንዳለባቸው ተገኘ። ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። የሶማሌዎቹ ልጆች ግን ከኦቲዝሙ ጋር የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው በብዛት ስለ ነበሩ ሕመማቸው የከበደ ነበር፤ እናቶቹ ያዩት ነገር ቅዠት አልነበረም።

በ2008ና በ2013 መካከል ያለውን ባዶ ቦታ የሞሉት ሌሎች ናቸው። ክትባትን የሚቃወሙ ወገኖች ወደ ሶማሌዎቹ ስብሰባ መጡ፣ በራሪ ወረቀት አደሉ፣ ወላጆቹንም አዳመጡ። ዌክፊልድም ፈቃዳቸውን ካጡ ከወራት በኋላ፣ በ2010 መጨረሻ፣ ሚኒያፖሊስ ተገኝተው ከሶማሌ ቤተሰቦች ጋር ተነጋገሩ፤ በ2011ም ተመልሰው መጡ። በእንግዳ አገር ልጁ የታመመበት ሰው ሐኪም ከለንደን መጥቶ ሲያዳምጠው ምን እንደሚሰማው ለማንም ስደተኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ጽሑፉ መሻሩን የሚናገረው መግለጫ በሕክምና መጽሔት፣ በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ፍርሃቱ ግን የተዛመተው በሶማሊኛ፣ በስልክ፣ በሱቅ ደጃፍና በሰርግ ቤት ነው።

በዚያው በ2011 አንድ የ30 ወር ሕፃን ከኬንያ ጉዞ ሲመለስ ኩፍኝ ይዞ ገባ፤ 21 ሰዎች ታመሙ። ይህ ማስጠንቀቂያ ሆኖ አላገለገለም፤ የተከታቢው ቁጥር መውረዱን ቀጠለ። ስድስት ዓመት ቆይቶ መጀመሪያ ላይ የተነገረው የ2017ቱ ወረርሽኝ መጣ። ያኔ ጋዜጠኞች ሲጠይቋቸው ዌክፊልድ ለሆነው ነገር ተጠያቂነት እንደማይሰማቸው መለሱ።

ወረርሽኙን ለመግታት የተሰማሩት በብዛት የማኅበረሰቡ የራሱ ሰዎች ነበሩ፦ ሶማሌ ነርሶች፣ የጤና ሠራተኞችና ኢማሞች። ጥምር ክትባቱን ቤተሰቡ በማይፈራው ቋንቋ፣ እየተቀመጡና ሻይ እየጠጡ ማስረዳት ነበረባቸው። ከዚያ የተገኘው ትምህርት የቢሮ ወረቀት ከሚያስገኘው ብዙ እጥፍ ነው።

የጽሑፉ አምስት ገጾች ዛሬም በ«ዘ ላንሴት» ማኅደር ውስጥ ይገኛሉ፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደላት መሻሩ ተጽፎባቸዋል። በ2024 ሚኒሶታ እንደገና 70 የኩፍኝ ሕሙማን መዘገበች። በዚያን ጊዜ ክትባቱን በወቅቱ የወሰዱት የሶማሌ ሕፃናት ድርሻ በ2014 ከነበረው 42 በመቶም ወርዶ ነበር።